ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ እንቅስቃሴ ብቻ፣ የጡንቻ ማነቃቂያ ኤሌክትሪክ ብቻ ወይስ ሁለቱንም?

ልቡ በቀዶ ሕክምና የተስተካከለለት ሰው ከአልጋ ሲነሳ መጀመሪያ የሚከዳው ብዙ ጊዜ ጭኑ ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን የሚቀሰቅሰው ብግነት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ አልጋ ላይ መዋል፣ አንዳንዴም በማስተኛ መድኃኒት መሰንበት ተደምረው የጭንን የፊት ጡንቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሳሱታል። ድካሙ ከወንበር ሲነሱ፣ ደረጃ ሲወጡና መጸዳጃ ቤት ሲገቡ ይታወቃል። በዚያ ላይ የደረት አጥንቱ ተከፍቶ በሽቦ ስለታሰረ በክንድ ገፍቶ መነሳት ይገደባል፤ ሸክሙ በሙሉ የሚያርፈው በእነዚሁ በደከሙ እግሮች ላይ ይሆናል።

ይህን ጉልበት ለመመለስ መንገዶቹ አራት ናቸው። አንደኛው ደረጃ በደረጃ የሚያድግ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሁለተኛው ታካሚው መንቀሳቀስ እስኪችል ድረስ፣ ጭን ላይ በሚለጠፉ መለጠፊያዎች ጡንቻውን የሚያኮማትረውን ኤሌክትሪክ ብቻ መጠቀም ነው። ሦስተኛው ሁለቱን በተለያየ ሰዓት ማድረግ፣ አራተኛው ደግሞ መሣሪያው ጡንቻውን ሲያኮማትር ታካሚውም በራሱ ኃይል አብሮ እንዲገፋ ማድረግ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ያለ እጅ ድጋፍ ከወንበር ተነስቶ መራመድ ለሚችል ሰው የመጀመሪያው ይበቃዋል። ኤሌክትሪኩ የሚፈለገው እንቅስቃሴው ለጡንቻው የሚበቃ ጫና ማድረስ ባልቻለበት ጊዜ ነው።

የመሣሪያውን ዓይነት ስለ መለየት

በገበያ ላይ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቴንስ የሚባለው ሕመም ማስታገሻ ነው። የእያንዳንዱ ምት ርዝመት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ የስሜት ነርቭን ይነካል፣ ቆዳን ይነዝራል፣ ጡንቻውን ግን በቂ አድርጎ አያኮማትርም። ለአንድ ወር በየቀኑ ጭን ላይ ቢለጠፍ እንኳ ጉልበት አይጨምርም። የጡንቻ ማነቃቂያው የምት ርዝመቱ ከ200 እስከ 400 ማይክሮሰከንድ የሚደርስ፣ ማብሪያና ማረፊያ ጊዜው ተለይቶ የሚሞላ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው መላ ሰውነትን የሚያለብሰው የስፖርት ልብስ ነው። ብዙ ጡንቻዎችን በአንድ ጊዜ በኃይል ስለሚያኮማትር በጤነኛ ወጣቶች ላይ እንኳ የጡንቻ መፈራረስና የኩላሊት ጉዳት ያስከተለባቸው ጊዜያት አሉ። የልብ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ጨርሶ አይሆንም።

መሣሪያ ሲመረጥ ድግግሞሹና የምት ርዝመቱ ለየብቻ የሚስተካከሉ መሆናቸውን፣ ሁለት ቻናል ኖሮት የእያንዳንዱ እግር ኃይል ተለይቶ እንደሚሞላ፣ ሞገዱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሚሄድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ሞገድ ከመለጠፊያው በታች ኬሚካላዊ ቃጠሎ ያስከትላል። ኃይሉ እስከ 100 ሚሊአምፔር ገደማ ቢደርስ መልካም ነው፤ ትንንሾቹ የቤት መሣሪያዎች ያበጠን ወይም ወፍራም ጭንን ማኮማተር ያቅታቸዋል።

ጥናቶቹ ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 18 ጥናቶችንና 933 ሰዎችን አካቷል። የልብ ድካም፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምና ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ ማነቃቂያው የጭንን ጉልበት እንደሚጨምርና በ6 ደቂቃ የሚራመዱትን ርቀት በአማካይ ወደ 35 ሜትር እንደሚያሳድግ አመልክቷል። እነዚህ ግን ትኩስ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች አልነበሩም።

ወደ ጉዳያችን የሚቀርበው በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ጥናት ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ 54 የልብና የደረት ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ተሳትፈውበታል። ማነቃቂያው የጡንቻውን ውፍረት ከመሳሳት አላዳነውም፤ ጉልበት የሚመለስበትን ፍጥነት ግን በ4.5 እጥፍ ጨምሯል። ከሆስፒታል ሲወጡ ግን ማነቃቂያውን ያገኘውም ያላገኘውም ቡድን ጉልበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወደነበረበት ተመልሶ ነበር። በቶሎ የሚያገግሙ የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራም በእርምጃ ርቀት ላይ ልዩነት አላገኘም። ከእነዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው፦ በራሱ በቶሎ ለሚነሳ ሰው ኤሌክትሪኩ የሚጨምርለት ጥቂት ነው፤ ለዘገየው ግን የሚያተርፋቸው ቀናት አሉ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ሳምንት ለተኛ የ75 ዓመት ሰው እነዚያ ቀናት ትልቅ ነገር ናቸው።

ለምን እንቅስቃሴውን ሊተካ አይችልም?

ሰው በፈቃዱ ጡንቻውን ሲያዝ መጀመሪያ የሚሠሩት የማይደክሙት ትናንሽ ክሮች ናቸው፤ ጫናው ሲጨምር ትላልቆቹ ይገባሉ፣ እየተፈራረቁም ያርፋሉ። ኤሌክትሪክ ይህን ቅደም ተከተል አያውቅም። መለጠፊያው አጠገብ ያሉትን ነርቮች ሁሉ በአንድ ላይ ያስነሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜም እነዚያኑ ደግሞ ያስነሳል። ጡንቻው ቶሎ የሚዝለው፣ የማረፊያው ጊዜም ከሥራው መርዘም ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ልዩነት ልብ ላይ ነው። በማነቃቂያ ጊዜ የልብ ምትና የደም ግፊት የሚጨምሩት በጥቂቱ ነው። መቀመጥ ብቻ ትንፋሹን ለሚያሳጥርበት ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ልብና ሳንባን ማሠልጠን ለሚፈልግ ግን ጉድለት ነው። ሚዛን መጠበቅን፣ አክታ ማውጣትን፣ ሳንባን መክፈትን ኤሌክትሪክ አያስተምርም። ታካሚው መሣሪያው ተለጥፎለት 30 ደቂቃ ስለተኛ «ዛሬ ስፖርቴን ሠርቻለሁ» ብሎ መራመዱን ከተወ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ማን የቱን ይምረጥ?

መለኪያው ቀላል ነው። ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ወንበር ላይ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ 5 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ይሞከር። ከ15 ሰከንድ በታች ከጨረሰ እንቅስቃሴ ብቻ ይበቃዋል፤ ለመሣሪያ የሚጠፋው ጊዜ ለእርምጃ ቢውል ይሻላል። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት፣ ወይም ከመጨረሱ በፊት ከቆመ፣ ሦስተኛው መንገድ ይስማማዋል፦ ጠዋት እንቅስቃሴ፣ ከሰዓት በኋላ ማነቃቂያ። ጨርሶ መነሳት ካልቻለ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካለ ወይም ባለሙያው የክንድና የእግር ጡንቻዎችን ጉልበት ደምሮ በሚመዝንበት የ60 ነጥብ መመዘኛ ከ48 በታች ካገኘ በሁለተኛው ይጀመራል። የደም ዝውውሩ በተረጋጋ ማግስት መጀመር ይቻላል፤ ታካሚው ነቅቶ መተባበር ሲችል ወደ አራተኛው፣ ቀጥሎም ወደ ሦስተኛው ይሸጋገራል።

አራተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ችሎታ ይጠይቃል። በጣም የምንወድደውም እሱን ነው፤ ምክንያቱም ታካሚው ጡንቻውን እንዴት እንደሚያዝ እንደገና ይማርበታል። ተቀምጦ ጉልበቱን እየዘረጋ ከመሣሪያው ጋር 10 ሰከንድ ይገፋል፣ ከዚያ ያርፋል። ሲገፋ ትንፋሹን እንዳያፍን ጮክ ብሎ ይቁጠር፤ ትንፋሽ አፍኖ መግፋት የደም ግፊትን በድንገት ያሻቅባል፣ የደረት አጥንቱንም ያስጨንቃል። ከወንበር መነሳትን ከማነቃቂያ ጋር ማጣመር የሚቻለው ግን ባለሙያው በእጁ የሚያበራው ማብሪያ ሲኖር ብቻ ነው። መሣሪያው በራሱ ሰዓት እየሠራ ታካሚው ሊቀመጥ ሲል ጉልበቱን ቀጥ ካደረገበት ወደ ኋላ ይወድቃል።

ልኬቶቹ

ጉልበት ለመመለስ ከ35 እስከ 50 ኸርዝ (በሰከንድ የሚላኩት ምቶች ብዛት)፣ የምት ርዝመት ከ300 እስከ 400 ማይክሮሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ከባድ የልብ ድካም ላለበትና ቶሎ ለሚዝል ከ10 እስከ 25 ኸርዝ ሆኖ ጊዜው ይረዝማል፤ ጉልበትን በመጨመር ግን ይህኛው ደከም ይላል። መጀመሪያ 10 ሰከንድ ሥራ፣ 30 ሰከንድ ዕረፍት ይሁን፤ ከሳምንት በኋላ ዕረፍቱ ወደ 20 ሰከንድ ይውረድ። ኃይሉ በአንድ ጊዜ እንዳይመታ ከ1 እስከ 2 ሰከንድ መወጣጫ፣ 1 ሰከንድ መውረጃ ይሞላ። በመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ፣ ከዚያ 30፣ ከተቻለ 45 ደቂቃ፤ በሳምንት 5 ቀን። 30 ደቂቃ በ10 በ30 አሠራር 45 መኮማተር ማለት ነው፤ ጡንቻው በእውነት የሠራው 7 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። «ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው» የሚል ታካሚ ይህ ስሌት ይነገረው።

ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ኃይሉ ነው። ማነቃቂያው «አልሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከተዳከመ ልኬት የተነሳ ነው ብለን እናምናለን። መነዝነዝ ብቻ በቂ አይደለም። ጡንቻው ሲኮማተር በዓይን መታየት አለበት፤ የጉልበቱ ሎሚ ወደ ላይ መሳብ፣ ከሎሚው በላይ ያለው ጅማትም በጣት ሲነካ መወጠር አለበት። መለኪያ ካለ ታካሚው በራሱ ማውጣት ከሚችለው ሙሉ ኃይል ከ10 እስከ 25 በመቶ ይፈለጋል። ጡንቻና ነርቭ ሞገዱን ስለሚላመዱ በየ5 ደቂቃው ኃይሉን በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የሚሊአምፔሩ ቁጥር ግን ከሰው ሰው አይወዳደርም፤ ለአንዱ 30 የሚያደርገውን ለሌላው 70 ላያደርገው ይችላል። የሚመዘገበው ቁጥሩም መኮማተሩም ነው።

መለጠፊያው የሚያርፍበት ቦታ

5 በ9 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ መለጠፊያዎች ለጭን ይመቻሉ። ትንንሽ ከሆኑ ሞገዱ በጠባብ ቦታ ስለሚታመቅ ያቃጥላሉ። አንዱ ከብሽሽቱ እጥፋት አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ወደ ጭኑ የፊትና የውጭ ጎን ይለጠፋል። ሌላው ከጉልበቱ ሎሚ ሦስት አራት ጣት ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ባለው የጡንቻ እብጠት ላይ ያርፋል። ቦታውን ለማግኘት ኃይሉን ዝቅ አድርጎ ትንሽ መለጠፊያ እያንሸራተቱ በትንሹ ሞገድ በብዙ የሚኮማተረውን ነጥብ መፈለግ፣ ከዚያ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ይሻላል። ሁለት ሴንቲ ሜትር መሳሳት በ20 ሚሊአምፔር የሚገኘውን መኮማተር በ40ም ሊያሳጣ ይችላል።

ታካሚው አልጋ ላይ ከሆነ ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይግባ፤ እግሩ ጨርሶ ተዘርግቶ ጡንቻው በኃይል ሲኮማተር የጉልበት ሎሚውን ያሳምማል። ከተቀመጠ ደግሞ ጉልበቱ ወደ 60 ዲግሪ ታጥፎ ቁርጭምጭሚቱ በቀበቶ ቢታሰር እግሩ በአየር ላይ ሳይወዛወዝ ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ ይሠራል።

ባይፓስ (ደም የተዘጋውን የልብ ደም ሥር በሌላ ደም ሥር አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና) የተደረገለት ታካሚ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ለልብ የተወሰደው ደም ሥር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከእግር የውስጥ ጎን ነው። በካሜራ የተወሰደ ከሆነ ከላይ የሚታየው ቁስል ጉልበት አካባቢ ያለ ትንሽ ጠባሳ ቢሆንም ከቆዳው በታች ረጅም የተቦረቦረ መንገድ አለ፤ እዚያ ደም ሊጠራቀም ይችላል። ላዩ ጤነኛ ስለሚመስል መለጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ሁለቱም መለጠፊያዎች ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሽሹ፤ ቦታ ከጠፋ ደም ሥር ባልተወሰደበት እግር ብቻ ይሠራ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ይጠበቅ። የደም ዝውውርን ለመርዳት በብሽሽት በኩል ቱቦ የገባበት እግርም ቱቦው እስኪወጣና ቦታው እስኪድን ይቆይ።

የሚበላሸው ምንድን ነው?

እንደ መርፌ የሚወጋ ስሜት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመለጠፊያው ነው፦ ሙጫው ደርቋል ወይም ጠርዙ ተነስቷል፤ ሞገዱ በቀረችው ጥቂት ቦታ ይታመቃል። ቆዳውን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ቅባት አለመቀባት፣ ፀጉሩን መላጨት ሳይሆን በመቀስ ማሳጠር ይረዳል። ከሥራው በኋላ የሚታይ መቅላት በአንድ ሁለት ሰዓት መጥፋት አለበት፤ በማግስቱም ካለ መለጠፊያው ይቀየር፣ ቆዳው ይረፍ።

ኃይሉ ጨምሮ መኮማተር ካልመጣ እብጠትን ይጠርጥሩ። ውኃ የቋጠረ ጭን ሞገዱን ከነርቩ ያርቃል፤ የሽንት ማብዣ መድኃኒቱ ሥራውን ከሠራ በኋላ፣ እግር ከፍ ብሎ ከቆየ በኋላ መሞከር ይሻላል። በመሃል መኮማተሩ እየደከመ ከሄደ ሁለት ምክንያት ይኖራል። ኃይሉን 3 ሚሊአምፔር ሲጨምሩ ከተመለሰ መላመድ ነው፤ ካልተመለሰ ጡንቻው ዝሏል፣ ዕረፍቱን ማርዘም ወይም ማቆም ነው።

የሽንት ማብዣ መድኃኒት ፖታሲየምን ስለሚያወርድ ጡንቻው በራሱ ሲጨማደድ የደም ምርመራው ይታይ፤ የፖታሲየም መውረድ ለልብ ምት መዛባትም መንገድ ይከፍታል። ሁለት ቀን የሚቆይ የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው። ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት ለሚወስድ ግን ሕመሙ በጣም ከበረታ፣ በተለይ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ማነቃቂያው ወዲያው ቆሞ ለሐኪሙ ይነገር።

አንድ ነገር ደግሞ ቤተሰብንም ነርሶችንም ያስደነግጣል፦ ሞገዱ በልብ መቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ ሹል ሹል መስመሮችን ይሥላል፣ የልብ ምት የተዛባም ያስመስላል። በጣት ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ የምቱን ሞገድ በሥርዓት እያሳየ ከሆነ፣ መሣሪያው ሲያርፍም መስመሩ ከጠራ፣ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው። ካልጠራ ግን መሣሪያውን አጥፍቶ ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በተለይ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን፣ የልብ የላይኛው ክፍል መንቀጥቀጥ ብዙዎችን ስለሚይዝ «ማሽኑ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ለማን አይሆንም?

በደረት ውስጥ የተተከለ ድንገተኛ የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ቀዳሚው ነው፤ የተተከለው መሣሪያ ሞገዱን እንደ አደገኛ የልብ ምት ቆጥሮ ልብን በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል። ፔስሜከር (የልብን ምት የሚያስኬድ መሣሪያ) ወይም ከቀዶ ሕክምናው የቀሩ ጊዜያዊ የፔስሜከር ሽቦዎች ያሉትም በልብ ሐኪሙ ፈቃድ፣ በልብ መቆጣጠሪያ ሥር፣ ጭን ላይ ብቻ ካልሆነ አይሞከርም። መለጠፊያ ደረት ወይም አንገት ላይ ጨርሶ አይለጠፍም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ የደም መርጋት እስኪመረመር ይቆም። የደም ግፊቱ በከፍተኛ መጠን መድኃኒት ተይዞ ያለ፣ አዲስ የልብ ምት መዛባት ያለበት፣ የእግር ደም ሥሩ በጣም የጠበበ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትና ነፍሰ ጡር እንዲሁ ይቆዩ። የስኳር ሕመም የእግር ስሜቱን የወሰደበት ሰው ቃጠሎውን ስለማይሰማ ቆዳው በየ10 ደቂቃው ይታይ።

ሁለቱን አብሮ ማስኬድ

ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው፦ እርምጃው ይቅደም፣ ማነቃቂያው ሰዓታት ቆይቶ ይከተል። የዛለ ጭን ይዞ መራመድ መውደቅን ይጋብዛል፤ ከማነቃቂያ በኋላም 15 ደቂቃ ያህል ያለ ደጋፊ አለመነሳት ይገባል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ፣ ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ለ3 እስከ 5 ደቂቃ መራመድ ነው። የልብ ምቱ ከዕረፍቱ በ30 ምት ገደማ በላይ አይለፍ። ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በምት ሳይሆን በድካም ስሜት ይመራ፤ ከ6 እስከ 20 ባለው የቦርግ መለኪያ ከ11 እስከ 13፣ ማለትም እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚቻልበት። ጫናው እየጨመረ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ከነበረበት ከ10 ነጥብ በላይ ከቀነሰ፣ የታችኛው 110 ከደረሰ፣ ደረት ከጨነቀ ወይም ራስ ከዞረ ይቆም። የደረት አጥንቱ ሲንቀሳቀሱ «ቀጭ» ካለ ለቀዶ ሐኪሙ ይነገር። ቤት ከገቡ በኋላ እርምጃው ከ10 ደቂቃ ተነስቶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ወደ 30 ይደርሳል። ከወንበር መነሳት በ8 ድግግሞሽ 2 ዙር ይጨመራል። ክንድን የሚያስጨንቅ ሸክም ግን አጥንቱ እስኪገጥም፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ ሐኪሙ በፈቀደው ልክ ብቻ ይሁን።

ጡንቻ ያለ ምግብ አይሠራም። ኩላሊቱ የሚፈቅድለት ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ካላገኘ በመሣሪያ የተሠራው ልፋት ይባክናል።

የወንበሩ ሙከራ በየሳምንቱ፣ በዚያው ወንበርና በዚያው ሰዓት ይደገም። ሰከንዱ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ከ15 በታች ከሆነ ማነቃቂያው ተነስቶ ጊዜው ለእርምጃና ለወንበር ልምምድ ይሰጥ። ኃይሉ በቂ ሆኖ፣ መኮማተሩም እየታየ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሰከንዱ ካልተነቃነቀ ደግሞ ልኬቱን ማክረር ሳይሆን ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው፦ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መዛባት፣ የነርቭ ጉዳት ወይም ተመልሶ እየተነሳ ያለ የልብ ድካም።